ሦስት ቀን መቁጠሪያ በአንድ ግድግዳ

የኔ ዘመን ሰዎች፣ ዓመታዊ ዕቅድ ሲባል ምን ይታያችኋል? እኔ ያ ሰፊ ወረቀት ነው የሚታየኝ፤ በመካከሉ ካርቦን ገብቶበት፣ ከሥሩ ሁለት ቅጂ ተደርቦበት፣ እስክሪብቶውን ጠበቅ አድርገው ካልተጫኑት ሦስተኛው ቅጂ ላይ ምንም የማይነበብበት፤ በግራ በኩል ወሩ፣ ቀጥሎ ሳምንቱ፣ ቀጥሎ ምዕራፉ፣ ቀጥሎ የክፍለ ጊዜው ብዛት፣ ከዳር ደግሞ «ምርመራ» የምትባል ጠባብ ዓምድ፣ ማንም ምንም የማይጽፍባት። ነሐሴ ሲገባ ይጀመራል፣ ጳጉሜን ላይ ያልቃል፣ መስከረም ሲጠባ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ዛሬ አዲስ አበባ ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ የምታስተምረው የእኅቴ ልጅ ያንኑ ዕቅድ ስልኳ ላይ በጣቷ እየገፋች ትሠራዋለች። አንዱን ምዕራፍ ከኅዳር አንስታ ታኅሣሥ ላይ ስታስቀምጠው ቀለሙ ራሱ ይለወጣል፣ የቀረው ሁሉ ተከትሎ ሸርተት ይላል፣ እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እልል ልል ምንም አይቀረኝ! ያኔ አንዲት ሳምንት ለማዛወር ላጲስ፣ ላጲስ እምቢ ካለ ምላጭ፣ ምላጩ ወረቀቱን ከቀደደው ደግሞ እንደገና ከመስከረም መጀመር ነበር።

እኔ ዕቅድ ማውጣት የተማርኩት ካርቱም ነው፣ ዐማራት። ሰፈሩን የምታውቁት ከኤርፖርቱ በስተ ምዕራብ የተዘረጋውን፣ አንዳንዱ ሰው «አል ኢምቲዳድ አል ጀዲድ» የሚለውን፣ አጥሩ ከፍ ያለ ግቢ ሁሉ ኒም ዛፍ የተተከለበትን ያን ቀጥ ቀጥ ያለ መንገድ ታስታውሱታላችሁ። መንገዶቹ በቁጥር ነበር የሚጠሩት፣ ቁጥሮቹም ጎዶሎዎቹ፤ ከሰሜን 1፣ 3፣ 5 ብለው ጀምረው ወደ ደቡብ እስከ 61 ይወርዳሉ። ከ15 ቁጥር ተነስቶ 41 ቁጥር የሚሄድ ልጅ ስንት መንገድ ይቆጥራል? የቸኮለ 26 ይላል፤ በእግሩ ሄዶ ያየ 13 ይላል! ልጆቻችን የቁጥር ተርታን ከሰፈራቸው መንገድ ላይ አግኝተውት ስለነበር እኛ ቀመሩን ስናመጣ «ይኼማ የኛ ሻሪዕ ነው» ብለው ተንጫጩ። ዛሬ ካርታው ስልክ ውስጥ ነው፣ መንገዱንም በድምፅ ይናገራል፤ ደስ ይላል፣ ማን ይጠላል!

ትምህርቱ የማታ ነበር፣ በአንድ ወዳጃችን ግቢ፣ ኒሙ ሥር። ቀን ቀን ልጆቹ ተበታትነው ይውላሉ፤ አንዱ በዐረብኛ በሚያስተምረው የሱዳን ትምህርት ቤት፣ አንዱ ሚሲዮኖች ዘንድ በእንግሊዝኛ፣ አንዱ ደግሞ ዓመቱ ሲጋመስ በመተማ በኩል የገባና የትም ያልተመዘገበ። ወላጆች የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፤ ልጁ አንድ ቀን አገሩ ሲመለስ ወይም ወደ ሌላ አገር ሲሻገር ከዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ እንዳይጎድል። አብሮኝ የሚያስተምረው ጋሼ አገር ቤት ብዙ ዘመን በጠመኔ ያረጀ መምህር ነበርና የመጀመሪያው ቀን ላይ የመጽሐፉን ማውጫ ልገለብጥ ስል መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ ዘጋው። «ማውጫው የትም አይሄድም። በመጀመሪያ ልጆቹ እነማን እንደሆኑ፣ ይቺ ከተማ መቼ እንደምትተኛ መቼ እንደምትነሣ ንገሪኝ» አለኝ። ይኼን እስከ ዛሬ እሟገትለታለሁ፤ የሒሳብ ዓመት ከመጽሐፍ ማውጫ አይጀመርም፣ ከልጆቹና ከአገሩ ሰማይ ይጀመራል።

እንግዲህ ከተማዋ መቼ ትተኛለች ለሚለው መልሱ ግድግዳው ላይ ነበር፤ ሦስት ቀን መቁጠሪያ ጎን ለጎን። አንደኛው የኛው፣ የቅዱሳኑ በዓላት የተጻፉበት። ሁለተኛው የፈረንጆቹ፣ የአውሮፕላን ሥዕል ያለበት። ሦስተኛው ከጥግ ካለው ዱካን በስጦታ የተሰጠን የሒጅራው፣ ረመዳኑ በአረንጓዴ የተከበበበት። በሦስቱ መካከል ሰባት ስምንት ዓመት አለ፣ አምስት መቶና ስድስት መቶ ዓመትም አለ፤ ወሩ አይገጥም፣ ዓመቱ አይገጥም፣ ዕለቱ ብቻ ይገጥማል። በዚያ ላይ ሰዓቱ! እኛ «ማታ 1 ሰዓት» ያልነውን ጎረቤቱ 7 ይለዋል፣ አዲስ አበባ ያለው ዘመድ ደግሞ ከኛ አንድ ሰዓት ይቀድማል። ካርቱም በጥር 1992 ሰዓቷን ወደፊት አንቀሳቅሳ ከአዲስ አበባ ጋር አስተካክላ ነበር፣ በጥቅምት 2010 መልሳ ወደ ኋላ ጎተተችው። የዐማራት ልጅ እንግዲህ ስድስት መደመርና ስድስት መቀነስ፣ ከ12 ካለፈ 12ቱን መጣል ከእናቱ ጓዳ ነው የተማረው።

ከሁሉም ያስቸገረን፣ ከሁሉም ያስደሰተን ረመዳን ነበር። የተማሪዎቻችን ግማሽ ይጾማሉ፤ የማይጾሙትም ቢሆኑ በኢፍጣር ሰዓት መንገድ ላይ መገኘት አይችሉም፤ የሱዳን ሰው ምንጣፉን ከበሩ ፊት አንጥፎ፣ ሳህኑን ደርድሮ፣ አላፊ አግዳሚውን እጁን ይዞ ያስቀምጣላ! አንድ ልጅ ሁለት ቤት ሳያልፍ ሦስት ጊዜ ይያዝ ነበር። እኔንም «ያ ኡስታዛ፣ ተፈደሊ» ብላ የምትጎትተኝ ጎረቤት ነበረችኝ፤ የእሷን ከርከዴ ሳልጠጣ ጠመኔ የጨበጥኩበት የረመዳን ማታ ትዝ አይለኝም። ስለዚህ በዚያ ወር ትምህርቱ ከተራዊሕ ሰላት በኋላ ይሆናል፣ አጠር ይላል፣ አዲስ ነገር አይገባበትም፣ መልመጃ ብቻ። ጥያቄው ረመዳን የት ይውላል ነው። በ1977 በግንቦት አጋማሽ፣ በፈተናው ጫፍ ላይ ገባ። ከዚያ ዓመት በዓመት ወደ ሚያዝያ፣ ወደ መጋቢት፣ ወደ የካቲት እየሸሸ መጣ፤ በ1992ማ ገናና ዒድ አል ፈጥር እጅ ለእጅ ተያይዘው ደረሱ፣ ዳቦውና የዒዱ ብስኩት ከዕክ በአንድ ሳህን ቀረበ!

ጋሼ የቄስ ትምህርት የተማረ ሰው ነበርና ፋሲካን ከቀን መቁጠሪያ አያይም፣ ያሰላዋል። አንድ ማታ ይኼንኑ ለልጆቹ በሰሌዳ አወጣላቸው። 1977ን ከ5500 ጋር ደመረ፣ 7477 ሆነ። በ19 ሲገድፈው 10 ተረፈ፤ አንዱን ለዘመን ትቶ ወንበር 9 አለ። ዘጠኝን በ11 አባዛ፣ 99፤ በ30 ገድፎ አበቅቴ 9 አለ። ዘጠኝን በ19 አባዛ፣ 171፤ በ30 ገድፎ መጥቅዕ 21 አለ። ሁለቱ ሲደመሩ 30! ልጆቹ ሌላ ዓመት ስጠን፣ ሌላ ዓመት ስጠን እያሉ ሰፈሩን አናጉት፤ በየትኛውም ዓመት አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ሲሆኑ እንደ ምትሐት ቆጠሩት። ጥያቄ ያቀረበችው ግን ከኋላ የተቀመጠች፣ ረመዳኑን የምትጾም ልጅ ናት፤ 11ዱ ከየት መጣ አለች። ጋሼ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን፣ የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ብሎ ጻፈና ቀንሱ አላቸው። ቀነሱ። ልጅቱ ብድግ አለችና «ኡስታዝ፣ የኛም ረመዳን በዓመት የሚሸሸው በዚችው 11 ነው!» አለች። እኔ ዘንድ ያ ማታ የዓመቱ ሁሉ ትምህርት ነው። መገደፍ የምንለው፣ አካፍሎ ቀሪውን መያዝ የምንለው ነገር፣ ከዚያ ወዲያ ለማንም ልጅ አልከበደም።

አሁን የእኅቴ ልጅ ሦስቱንም ቀን መቁጠሪያ በአንድ መስኮት ታያቸዋለች፤ ጠቅ ስታደርግ የዛሬ ሃያ ዓመት ረመዳን ይመጣል። ቢሆንም በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ተማሪዎቿን በእጃቸው ታሠራቸዋለች፤ ሠርተው ካገኙት በኋላ ስልክ አውጡና አመሳክሩ ትላቸዋለች። ያኔ የምናመሳክረው ደብረ ዘይት መቼ እንደሆነ ቄሱን ጠይቀን ነበር፤ ዛሬ ቄሱም ስልካቸውን ያያሉ!

ልጆቹስ እነማን ናቸው ለሚለው ደግሞ የዕቅዳችን የመስከረምና የጥቅምት ግማሽ በዚህ ነበር የሚሄደው። የቁጥር ነገር አንድ ሳምንት ይበቃዋል ያለ ሰው የሱዳን ትምህርት ቤት ደብተር አላየም። በዐረብኛው ጽሕፈት ዜሮ ነጥብ ናት፤ ጠብ ያለች ትንሽ ነጥብ። ክቧ ደግሞ አምስት ናት! እኛ ዜሮ ብለን የምናነባትን ልጁ አምስት ብሎ ጽፏታል። ስድስታቸው የኛን ሰባት ይመስላል፤ ሰባታቸው አፉን ወደ ላይ የከፈተ፣ ስምንታቸው ወደ ታች የደፋ ነው። አንድ ልጅ 50 ብሎ ሲጽፍ ክብና ነጥብ ያስቀምጣል፤ ከሚሲዮን የመጣው ጓደኛው አጠገቡ ሆኖ «ዜሮ ነጥብ፣ ከዚያስ?» ብሎ የቀረውን አሃዝ ይጠብቃል። እኛ ሁለቱን አንድ ወንበር ላይ እንዲቀመጡ አደረግን፤ በሳምንቱ አንዱ የሌላውን ያነብ ጀመር።

እኩልታው ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚሄደው፤ በኤክስ ፋንታ ሲን፣ በዋይ ፋንታ ሷድ ይቆማሉ። ጋሼ ምን አደረገ መሰላችሁ? ሰሌዳውን በመካከሉ በረጅም ጠመኔ ለሁለት ከፈለው። አንዷን ልጅ ከግራው ጫፍ በኛ አጻጻፍ፣ አንዱን ልጅ ከቀኙ ጫፍ በዐረብኛው አጻጻፍ ያንኑ አንድ ጥያቄ እንዲፈቱ አቆማቸው። ሁለት ጊዜ ያልታወቀው ቁጥር ሲደመር 3፣ 11 ይሆናል። ጠመኔው ከወዲህም ከወዲያም ይንቋቋል፣ ሦስቱ ይሻገራል፣ ሁለቱ ያካፍላል፣ ሁለቱም ልጆች ወደ መካከሉ መስመር እየተጠጉ መጥተው አንዷ 4 ብላ፣ አንዱ ያችን ጅራታም የዐረብ አራት ጽፎ ትከሻ ለትከሻ ተገጣጠሙ። ግቢው በጭብጨባ ተናጋ! ዛሬ የእኅቴ ልጅ ተማሪዎች ስልክ ላይ እኩልታ ፎቶ ያነሡና መፍትሔው ደረጃ በደረጃ ይወርድላቸዋል። ግሩም ነው፤ የዐረብኛውንም ያነባል አሉ።

የክፍሉ መሰላል ነገርም ሌላ ጣጣ ነበር። ያኔ በኛ አገር 6፣ 2፣ 4 ነበር፤ ሱዳን 6፣ 3፣ 3። ስለዚህ የነሱ የመካከለኛ ደረጃ ሦስተኛ ዓመት የኛ ዘጠነኛ ነው ብለን መደብን። ከዚያ እኛ በ1986ቱ ፖሊሲ ስምንት ዓመቱን አንድ ላይ አደረግነው፤ እነሱም ስድስቱንና ሦስቱን ደርበው፣ አንዱን ዓመት ጥለው ስምንት አደረጉት፣ ከላዩ ሦስት። ዘጠነኛ ክፍል የትኛው ነው ብሎ ወላጅ ሲጠይቅ ጣት መቁጠር ግድ ሆነ። አሁንስ? እኛ ወደ 6፣ 2፣ 4 ተመለስን፣ ሱዳንም ያንኑ መካከለኛ ደረጃዋን መልሳ አመጣች፤ በዚያን ጊዜ የትምህርት ሚኒስትሯ የነበሩት መሐመድ አል አሚን አል ቶም ራሳቸው የሒሳብ ፕሮፌሰር ናቸው፣ ይኼ ለኔ ብጤ ሰው ደስ የሚል ነገር ነው። ያን የድሮ ማመሳከሪያ ወረቀት ብታገኙት እንደገና ይሠራል!

የሰማዩን ነገር ላጫውታችሁ። ካርቱም ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 15 ዲግሪ ተኩል ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ ማለቂያና በነሐሴ የመጀመሪያ ሳምንት፣ በቀትር ልክ ከአናት ላይ ትቆማለች፤ የቆመ እንጨት ጥላውን ይውጣል። እንግዲህ የተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖችን ምዕራፍ፣ ያን በጥላ የግንብ ቁመት የሚለካበትን፣ ሚያዝያ ላይ የሚያስቀምጥ ዕቅድ ምኑን ሊለካ ነው? በታኅሣሥ ግን ያው ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ትላለችና አሥር ሜትር ግንብ በቀትር ስምንት ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል፤ አየሩም ቀዝቀዝ ያለ፣ ልጅ ውጭ ቢውል የማይጎዳበት ነው። ስለዚህ በመጽሐፉ ወደ ኋላ የነበረው ምዕራፍ በኛ ወረቀት ታኅሣሥ ላይ ወጣ። ዓርብ ዓርብ፣ ልጆቹ ለጁምዓ ሳይሄዱ፣ ሜትር እንጨታቸውን ይዘው አጥር ለአጥር ይዞራሉ፤ ያልለኩት ኒም፣ ያልለኩት የመብራት እንጨት አልነበረም።

ቀጥሎ ፕሮትራክተሩ ነው። ቀጥተኛ ጎኑ መካከል ላይ ክር ይታሰራል፣ ከክሩ ጫፍ ጠጠር ይንጠለጠላል፤ በቀጥተኛ ጎኑ ጠርዝ የዛፉን ጫፍ ታነጣጥራላችሁ፣ ክሩ ከ90 ምን ያህል እንደራቀ ታነባላችሁ። 45 ዲግሪ እስኪሆን ወደ ኋላ መራመድ ነው፤ ከዛፉ ሥር እስከ እግራችሁ ያለውን ለክታችሁ የዓይናችሁን ከፍታ ስትጨምሩበት የዛፉ ቁመት በእጃችሁ ነው። በዚህ መካከል አውሮፕላን ከኤርፖርቱ ተነስቶ ከቤቶቹ ጣሪያ በላይ ብቅ ካለ ፕሮትራክተሩ ሁሉ ወደ እሱ ይዞራል፤ ማዕዘኑ እየጨመረ፣ እየጨመረ፣ «34! 38! 41!» እያሉ ይጮኻሉ። ድምፁ እስኪያልፍ ማንም ማንንም አይሰማምና ለታንጀንት ከዚህ የተሻለ እረፍት አልነበረም። ዛሬ ስልኩን ወደ ዛፉ ቀና ሲያደርጉት ዲግሪውን ራሱ ይጽፋል። የእኅቴ ልጅ ግን ክርና ጠጠሯን አልተወችም። አዲስ አበባ ላይ በታኅሣሥ ያው አሥር ሜትር ግንብ ስድስት ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም ጥላው፤ የኔን የካርቱም ቁጥሮች ሰጥቻት ልጆቹ ለምን ተለያዩ ብለው እንዲፈልጉ አድርጋለች። ያን ጊዜ የተለካ ኒም ዛሬ ሌላ አገር ያለ ክፍል ያስተምራል!

ከመጋቢት በኋላ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ፣ የአሸዋው ማዕበል ሐቡብ ቀይ ግንብ ሆኖ ሲመጣ፣ ሰሌዳው በደቂቃ ውስጥ አቧራ ሲለብስ፣ ማረጋገጫ የሚባል ነገር አይነካም። ለዚያ ወቅት ያስቀመጥነው ስታቲስቲክስን ነው። ቁጥሮቹን ግን በመስከረም ሰብስበን አኑረናል፤ የዓባይ ውሃ ከጫፉ መውረድ በሚጀምርበት ጊዜ ሬዲዮና ጋዜጣ የወንዙን ከፍታ ይናገራሉ፣ ልጆቹ ተራ ገብተው ይመዘግባሉ። በሚያዝያ ሙቀት፣ ማራገቢያው እያንቋረረ፣ የመስከረምን ውሃ በስኩዌርድ ወረቀት ላይ መሳል እንዴት ያቀዘቅዝ እንደነበር!

ማራገቢያው የሚያንቋርረው እንግዲህ መብራት ካለ ነው። በክረምት ዓባይ ደለሉንና ግንዱን ይዞ ሲመጣ የሮዛይረስ ግድብ ተርባይኖች ይቸገራሉ፣ ከተማው ይጨልማል፤ ስለዚህ በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንታት በቃል የሚሠራ ሒሳብ ብቻ ነበር የምናቅደው፣ ፋኖሱ ለአንድ ሰሌዳ እንጂ ለሁሉም ደብተር አይደርስምና። በ2001 የመረዌ ግድብ ሥራ ሲጀምር ያቺ የቃል ሒሳብ ሳምንት ከዕቅዱ ወጣች አሉ። እኔ ትመለስ ባይ ነኝ። ዛሬ መብራት ቢጠፋ ፓወር ባንክ አለ፤ ቢሆንም በጨለማ 17ን በ8 ያባዛ ልጅ ፊቱ በብርሃን ካባዛው ይበልጣል፣ ይኼን አይቻለሁ።

መጽሐፉንስ! እኔና እናንተ ተማሪ በነበርንበት ዘመን የመጣውን «አዲሱን ሒሳብ» ታስታውሱታላችሁ። በ1954 ዓ.ም. ኡጋንዳ፣ ኢንቴቤ ላይ የአፍሪካና የአሜሪካ መምህራን ተሰብስበው ማዘጋጀት የጀመሩት፣ ኢትዮጵያም የተሳተፈችበት፣ የኢንቴቤ ሒሳብ የሚባለው። ከ1955 ጀምሮ የገቡት የፒስ ኮር አስተማሪዎች ሰሌዳው ላይ ሁለት ክብ ሥለው፣ ክቦቹ የተደራረቡበትን አጥቁረው፣ «ይኼ ሴት፣ ያ ሴት» ሲሉን ቤት ገብተን ለእናቶቻችን ዛሬ ሒሳብ ሥዕል ሆነ ያልናቸው! ከዚያ ዘመን ዘመንን ሲተካ ያ ሴት የተባለው ስብስብ ወደ ኋላ ተገፋ፤ ቀደም ባለው የዘጠነኛ ክፍል መጽሐፍ ሰባት ምዕራፍ ነበር፣ በቁጥር ሥርዓት ይጀምራል፣ ስብስብ ሦስተኛ ነው። የእኅቴ ልጅ አዲሱን መጽሐፍ በፒዲኤፍ ስትከፍትልኝ ዘጠኝ ምዕራፍ፣ አንደኛው ምዕራፍ ስብስብ! ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ። ትሪጎኖሜትሪም የራሱ ምዕራፍ ተሰጥቶታል፣ መመሳሰልም እንዲሁ፤ ዝምድናና ፈንክሽን ደግሞ ተነስቶ አሥረኛ ክፍል መግቢያ ላይ ተቀምጧል። ደግ አደረጉ። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ፈንክሽኑ ሁልጊዜ ከፋሲካ ጋር ይጋጭብን ነበር።

እኛ ዘንድ የነበሩት መጻሕፍት ከአገር ቤት በመንገደኛ የመጡ ነበሩ፤ ሽፋናቸው የወለቀ፣ መልሳቸው በእርሳስ የተጻፈ፣ የመጨረሻ ገጾቻቸው የጎደሉ። የሎጋሪዝም ሠንጠረዡማ አንድ ብቻ ስለነበር በየማታው ተራ ይያዝለታል፤ ጣት በመስመሩ ላይ ይሄዳል፣ አራት አሃዝ ይነበባል፣ ቀጣዩ ልጅ ይቀበላል። ካሲዮ ካልኩሌተር ያላት ልጅ ስትመጣ ግቢው ሁሉ ከበባት። ዛሬ ሁሉም ኪስ ውስጥ ነው። በዚህ መካከል ደግሞ አገር ቤት በ1997 ፕላዝማው ገባ፤ አዲስ አበባ ያለች ወዳጄ አስተማሪው ከስክሪኑ ውስጥ ሆኖ ጥያቄ ጠይቆ መልሱን ሳይጠብቅ ያልፋል ብላ ጻፈችልኝ። ዕቅዱን የያዘው ስክሪኑ ነበር፣ ልጁም መምህሩም ይከተላሉ። አሁን ያው ቪዲዮ በስልክ ሲመጣ ይቆማል፣ ይመለሳል፣ ይደገማል፤ ያቺ ሁለት ቋሚ መስመር ያላት የማቆሚያ ምልክት እንዴት ያለች በረከት ናት! ልጁ «ቆይ» የማለት መብት አገኘ።

ጋሼ አንድ ነገር አጥብቆ ይይዝ ነበር፤ በየሁለት ወሩ አንድ ባዶ ሳምንት። ዕቅድ እንደ ልጅ ቀሚስ ነው፣ ከሥሩ እጥፋት ተትቶለት ይሰፋል ይላል። ባዶዋን ሳምንት ምንም አንጽፍባትም፤ ሐቡብ ይበላታል፣ ወባ ይበላታል፣ ሠርግ ይበላታል፣ ምንም ካልበላት ልጆቹ የፈለጉትን ጥያቄ ያመጡባታል። በ1980 ክረምት ካርቱምን በአንድ ሌሊት ያጥለቀለቀው ዝናብ በመጣበት ዓመት እስከ ጥቅምት ከጎረቤት ጋር ውሃ ስንቀዳና ግድግዳ ስንለስን ቆይተን፣ ባዶዎቹ ሳምንታት ሁሉ ተሰብስበው ያን ክፍተት ሸፈኑት። ሰኔ ላይ መጽሐፉ አልቋል።

የእኅቴ ልጅ ተወልዳ ያደገችው እዚያው ካርቱም ስለሆነ የማታውን ትምህርት ከኛ ተቀብላ ዐማራት ውስጥ ቀጥላው ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015፣ ረመዳኑ በመጨረሻ አሥር ቀኖቹ ላይ፣ የኛም ቀዳም ሥዑር በዋለበት ዕለት ጦርነቱ ተነሣ፤ ኤርፖርቱም ሰፈሩም መሐሉ ገቡ። ልጆቹ በመተማ፣ በፖርት ሱዳን፣ በካይሮ መንገድ ተበተኑ። እሷ ታዲያ ዕቅዱን በቴሌግራም አስቀምጣው ስለነበር አንዱ ከጎንደር፣ አንዷ ከካይሮ፣ አንዱ ከአዲስ አበባ እየገቡ «እዚህ ደርሰናል» ማለት ጀመሩ። ባዶ ሳምንት ነበረች፣ እሷን ተጠቀሙባት፤ ከዚያ ስታቲስቲክሱን ቀጠሉ። የኛ ወረቀት ቢሆን ግድግዳው ላይ ይቀር ነበር! 1977ንና 2015ን አስተያዩልኝማ፤ መካከላቸው 38 ዓመት ነው፣ ሁለት ጊዜ 19፣ ስለዚህ ወንበራቸው 9፣ አበቅቴአቸው 9፣ ጋሼ በሰሌዳ ያወጣት ቁጥር ራሷ። ፋሲካዎቹም ሚያዝያ 6 እና ሚያዝያ 8 ዋሉ፣ በሁለት ቀን ተለያዩ።

አዲስ አበባ ያለችው የዘንድሮዋ ክፍሏ ይኼን ሰምታ አላረፈችም። በ2018 የካቲት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በቀናት ልዩነት ተከታትለው ሲገቡ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጁን አንሥቶ፣ «ቲቸር፣ ሁለቱ በአንድ ቀን የሚጀምሩበት ዓመት መቼ ነው?» አለ። እሷም ባዶዋን ሳምንት ለዚህ ሰጠችው፤ ግማሹ ክፍል በ19 እየገደፈ፣ ግማሹ ከሒጅራው በ11 እየቀነሰ፣ ግድግዳው በሠንጠረዥ ተሸፈነ። ማታ ደወለችልኝና «እቴቴ፣ አንቺም ሞክሪው፣ ስልክ ግን አይነካም» አለችኝ። እኔ ሦስት ገጽ ሞልቼ 2030ዎቹ ላይ ደርሻለሁ፤ እነሱ የት እንደደረሱ አይነግሩኝም፣ እምቢ አሉ!